በሁለት ቀበሌ መሀል የቀሩ ቤቶች

መካነ ሰላም ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት አቀስታ ነው። ከአቀስታ እዚህ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ምሳውን እዚህ ይበላል። እናቴ ግን በስልክ ስታናግረኝ ባሕር ማዶ ያለሁ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቆ ተማሪው ሲበተን፣ በየገጠሩ እየዞሩ ቤት የሚመዘግቡ መምህራን ይፈለጋሉ ተባለና ስሜን ሰጠሁ። ለአገር ተቆርቁሬ አይደለም። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ብቻዬን ከምቀመጥ ብዬ ነው።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። ታብሌት ተሰጠን፤ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪም ከነገመዱ ተሰጠን። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ትልልቅ ፊደል እየጻፈ “ቤተሰብ ማለት” አለን፣ “አንድ ጣራ ሥር የሚኖር፣ ከአንድ ማዕድ የሚበላ ነው። ከስድስት ወር በላይ ከቤት የራቀ ሰው እዚያ ቤት አይመዘገብም። በሄደበት ይመዘገባል። አለዚያ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ።” ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለሒሳብ አስተማሪ የሚከብድ ነገር አልነበረውም።

የደረሰኝ ቀበሌ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚሰበርበት ጫፍ ላይ ነው። ባጃጅ የጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ያደርሳል፤ ከዚያ በእግር ነው። በእግር መንገዱ ዳር የመብራት ምሰሶዎች ተተክለዋል። ሽቦ ግን ገና አልተሳበባቸውም ነበር፤ የሠፈሩ ሰው ልብስ ማስጫ ገመድ ከምሰሶ ምሰሶ ወጥሮባቸዋል።

መንገድ እንዲመሩኝ ቀበሌው የሰጠኝ ሰው ስድሳ የሚሆናቸው፣ ድሮ ወታደር የነበሩ ጎልማሳ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህርት ይሉኛል። ወሬ አያበዙም። ቶሎ ቶሎ ይራመዱና ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሰው፣ እኔ እያለከለክሁ እስክደርስ ድረስ ትንሿን ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

በመጀመሪያው ቀን ሥራው አልሄድልሽ አለኝ። ቤት እገባለሁ፤ ሰላምታው፣ የአዝመራው ወሬ፣ ሁሉም ያምራል። ከዚያ ታብሌቱን አውጥቼ “ስንት ልጆች አላችሁ?” ስል ቤቱ ጭር ይላል። አንዱ ገበሬ “ይመስገነው” አለኝ። ሌላዋ “እሱ የሰጠንን ያህል” አለችኝ። ሦስተኛው ቤት የነበረችው ሙስሊም እናት ደግሞ ልጆቿን ወደ ጓዳ አስገብታ “እስቲ መጀመሪያ ማሻአላህ በይ” አለችኝ። ማሻአላህ አልኩ፤ ቁጥሩን ግን አልነገረችኝም።

ከሦስተኛው ቤት ስንወጣ ጋሼ ጥላ ሥር አስቆሙኝ።

“መምህርት፣ ልጅና ከብት በቁጥር አይጠየቅም” አሉኝ።

“ታዲያ እንዴት ልሥራው?”

“ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደወረደበት በቤተ ክርስቲያን አልሰማሽም? ሰው ይፈራል። ቁጥር ዓይን ያስገባል። በስም ጠይቂ። ስም ሲጠራ ማንም አይፈራም። አንቺ በሆድሽ ቁጠሪ።”

ከዚያ ወዲያ “እስቲ ልጆቻችሁን በስም ጥሩልኝ” ማለት ጀመርኩ። እውነትም ሰው ተፈታ። እናቶች የልጆቻቸውን ስም ሲጠሩ ፊታቸው ይበራል፤ ይህ የያዕቆብ ታቦት ሲነግሥ የተወለደ ነው፣ ይቺ በጎርፉ ዓመት፣ ይሄኛው ክርስትናው ላይ ሲያለቅስ አገር የረበሸ እያሉ ይጨምራሉ። እኔ እጽፋለሁ፤ ቁጥሩን ታብሌቱ ራሱ ይደምረዋል። ስንት ዓመት ለልጆች ቁጥር ሳስተምር ኖሬ ቁጥር አፍ አውጥቶ አለመጥራትን የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

በስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ካርታዬ ላይ ያሉትን ቤቶች ጨረስኩ። እግሬ ተልጦ ነበር። በማግሥቱ አቀስታ ሄጄ እናቴን ለማየት አስቤ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ቋጥኝ ተቀምጬ ውሃ እየጠጣሁ ቁልቁል ሳይ ጭስ አየሁ። አተኩሬ ሳይ ከጭሱ አጠገብ የቆርቆሮ ክዳን አብለጨለጨ።

“ጋሼ፣ ያ ምንድነው?”

“ቤት ነዋ።”

“የየትኛው ቀበሌ?”

ጋሼ ሬዲዮናቸውን አጠፉ። “እሱ እንኳ ያወዛግባል” አሉ። “የእኛዎቹ የወንዝ ማዶው ቀበሌ ናቸው ይሏቸዋል። የወንዝ ማዶዎቹ ደግሞ የላይኛው ናቸው ይላሉ። ግብር ሲሰበሰብ ሁለታችንም እናውቃቸዋለን፤ ሥራ ሲከፋፈል ሁለታችንም እንረሳቸዋለን።”

ታብሌቱን ከፍቼ ካርታውን አየሁ። የቀበሌው መስመር በገደሉ አፋፍ በኩል ያልፋል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ባዶ ነው። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ ለተቆጣጣሪያችን ደወልኩ።

“ካርታሽ ላይ ከሌለ ተይው” አለኝ። “በወንዙ ማዶ ያለው ቡድን ይደርስበታል።”

በወንዙ ማዶ የተመደበው አብሮኝ የሠለጠነ መምህር ነው፤ ለእሱም ደወልኩ። “የእኔ ካርታ ወንዙ ላይ ነው የሚያልቀው” አለኝ። “አልሻገርም።”

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልተወው ነበር። ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ጫማዬ ተረከዜን በልቶታል። ዕቃዬን ስሰበስብ ሦስት ሴቶች ከገደሉ አፍ ብቅ ብቅ አሉ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሦስቱም ጤፍ የሞላ ማዳበሪያ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረዋል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ማዳበሪያውን ሳያወርዱ ድንጋይ ላይ አሳረፉትና እዚያው ተደግፈው ቆሙ። አንዷ የሚሰማ ትንፋሽ ትተነፍሳለች።

“አህያ የላችሁም?” አልኳቸው።

“አህያስ አለን” አለች የምታለከልከዋ። “ለአህያ መውጫ የለውም እንጂ። በአህያ ከሆነ ወንዝ ለወንዝ ዙረን ቀኑን ሙሉ መሄድ ነው።”

“ነፍሰ ጡርስ?”

“ነፍሰ ጡርማ በሰው ጀርባ” ብላ በአገጯ ማዳበሪያውን አሳየችኝ። “እንዲህ።”

ዕቃዬን መልሼ አስቀመጥኩና ጋሼን አየኋቸው። ምንም ሳልላቸው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አሁንም ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ከአለቱ ጎን የሰው ጫማ የሚያስቀምጥ ብቻ መርገጫ አለ። አንድ ቦታ ላይ መርገጫውም ይቋረጥና ሁለት ግንድ በሽቦ የታሰረበት መሰላል ይጠብቃል። ጋሼ ታብሌቱን ከእጄ ተቀብለው በጋቢያቸው ጠቀለሉት።

“የመንግሥትን ዕቃ እኔ እይዛለሁ” አሉ። “አንቺ ራስሽን ያዢ።”

ታች ስንደርስ አየሩ ሌላ ነው። ላይ ገብስና ባቄላ፣ እዚህ ማሽላና ሎሚ። ውሻ ጮኸብን፤ ሰው ወጣ። መጀመሪያ ያገኘነው ሰውዬ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት “ከየትኛው ቀበሌ ነሽ?” አለኝ። ሌሎቹም መልሴን ሊሰሙ ዙሪያዬን ቆሙ።

“መካነ ሰላም ነው የማስተምረው። ያለውን ቤት ልመዘግብ ነው የመጣሁት።”

“የላይኛው ብለሽ ነው ወይስ የታችኛው ብለሽ የምትመዘግቢን?”

“አላውቅም” አልኩ። “መጀመሪያ መኖራችሁን ልጻፍ፤ የማን ናችሁ የሚለውን ከዚያ እንጠይቃለን።”

ተያዩ። ሰውዬው ትንሽ ካሰበ በኋላ “እንግዲህ ከእኔ ቤት ጀምሪ” አለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሃያ ሁለት ቤት ገባሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ላይ፣ ያንኑ መሰላል ወጥተው ነው። ክረምት ሲገባና አለቱ ሲያዳልጥ ሁለት ወር ይቀራሉ። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ ከትምህርት ሲቀር ስንፍና ነው ብዬ ስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት የማደርግ አስተማሪ ነኝ።

ሃያ ሦስተኛው ቤት ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ ወደ ወንዙ በኩል ነው። አንዲት እናት ጎተራቸውን በጭቃ ይመርጉ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ላይ ሞራ ጀምሯል፤ ወደ ድምፄ ነው የዞሩት።

“እናቴ፣ ቤትዎን ልመዘግብ ነበር።”

“ቤቴ የት እንዳይሄድ ብለሽ?” አሉኝ፤ ጭቃውን መለጠፍ አላቆሙም።

“ሰዉን ነው። እዚህ የሚኖረውን።”

“ሰው አይቆጠርም።”

“አልቆጥርም። ልጆችዎን በስም ይጥሩልኝና እጽፋለሁ።”

እጃቸውን ሰበሰቡ። ገንዳው ውስጥ ታጥበው በቀሚሳቸው አደረቁና በሩ ላይ ካለው መደብ ተቀመጡ። ስም መጥራት ጀመሩ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ከትልቁ እስከ ትንሿ ሰባት ናቸው። እያንዳንዱን ሲጠሩ ያ ልጅ ደጅ የቆመ ይመስል ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። ሰባቱንም ጻፍኩ። ታብሌቱ ግን በዚያ አያበቃም፤ ስለ እያንዳንዱ ሰው ይጠይቃል። ትልቁ የት ነው ያለው? አዲስ አበባ፣ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። ከሄደ ስንት ጊዜው? አሥር ዓመት ያልፈዋል። ስሙን ስነካው ከዝርዝሩ ወጣ። ሁለተኛው በልጅነቱ ነው ያረፈው። እሱም ወጣ። ሦስተኛዋ ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት። አራተኛው ሰሊጥ ልሰብስብ ብሎ መተማ ሄዶ እዚያው ቀረ። አንዷ ደሴ አግብታ፣ አንዱ ወታደር ሆኖ። የመጨረሻዋ መሰላሉን እየወጣች ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታለች። እያንዳንዱን ስም በጣቴ ስነካ ይጠፋል። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የእሳቸው ስም ብቻ ቀረ።

“ጨረስሽ?” አሉኝ።

“ጨርሻለሁ እናቴ።”

“ታዲያ ስንት ሆንን?”

እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ከማንም ቤት አልቀረበልኝም ነበር። ጋሼን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። መዋሸት እችል ነበር። ሳልችል ቀረሁ።

“አንድ ነው የሚለው” አልኩ።

ድምፃቸው ከፍ ሳይል “ሰባት ጊዜ አምጬ አንድ ነሽ ትይኛለሽ?” አሉኝ። “ማነው አንድ ያለኝ? ይሄ የያዝሽው ነገር ነው? እሱ አምጧል?”

ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ማስረዳት ጀመርኩ። እዚህም እዚያም ከተጻፉ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ ሰው በሄደበት ይቆጠራል፣ አዲስ አበባ ያለው አዲስ አበባ፣ ደሴ ያለችው ደሴ አልኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። ከብዙ ተማሪዎቼ በላይ ገብቷቸዋል፤ ምክንያቱም የጠየቁኝ ጥያቄ ይህ ነበር፦

“ጅዳ ያለችውስ?”

እዚህ ከዝርዝሩ ወጥታለች። እዚያ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማን ከማን ጋር ቆጥሮ ይጽፋታል? ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቀላል ትርጉም ለእሷ ቦታ አልነበረውም። የእኔም ታናሽ ወንድም የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ከገባ አምስት ዓመቱ ነበር። አቀስታ እናቴ ቤት መዝጋቢ ሲመጣ ስሙ በማን ጣት እንደሚጠፋ እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም።

“እሷን እኔ እንጃ” አልኳቸው። “የእኔም ወንድም እዚያው ነው።”

ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈለጉና ያዙኝ። “ኧረ አብሽሪ” አሉኝ። “አብሽሪ ልጄ። ይመጣሉ።” ቅድም ያስቀየምኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚያጽናኑት እሳቸው ሆኑ። እንባዬን ለመደበቅ ታብሌቱ ላይ አጎነበስኩ። ከቅጹ መጨረሻ ማስታወሻ የሚጻፍባት ጠባብ ቦታ አለች፤ እዚያ ላይ “አንዲት ልጅ ውጭ አገር ናት፤ የትም አልተመዘገበችም” ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደሚያነበው አላውቅም። እሳቸው ደግሞ “ለእኔም በወረቀት ጻፊልኝ” ስላሉኝ ከደብተሬ ቅጠል ቀድጄ ሰባቱንም ስም በትልልቁ ጻፍኩላቸው። ያረፈውንም ጭምር። አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። አሬራ አጠጡንና ፀሐይ ሳትጠልቅ መሰላሉን ወጣን።

በማግሥቱ አቀስታ አልሄድኩም። መካነ ሰላም ተመልሼ ተቆጣጣሪው ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የስንቱ ቀበሌ ሥራ ጭንቅላቱ ላይ የተቆለለ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ታብሌቱን ተቀብሎ አየና ራሱን ያዘ።

“ሃያ ሦስት ቤት ከመስመር ውጭ? ሲስተሙ አይቀበለውም።”

“ሰው ግን አለ።”

“ተይው አላልኩሽም?”

“ብለኸኛል። ወርጄ አየሁ። ከነስማቸው አሉ። በወንዙ ማዶ ያለው ቡድን አይሻገርም፤ ጠይቄዋለሁ። እኛ ከተውናቸው ማንም አይጽፋቸውም።”

ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየ። ከዚያ “ልጆቹ የት ነው የሚማሩት?” አለኝ።

“ላይ።”

“ታመው ሲመጡስ?”

“ላይ። ወደ ታች የሚወስድ ነገር የለም።”

“እንግዲያውስ የላይ ናቸው” አለ። ወደ አለቆቹ ደወለ፤ ሁለት ቀን ተነጋገሩበት። በሦስተኛው ቀን መስመሩ ተስተካክሎ ሃያ ሦስቱ ቤቶች የላይኛው ቀበሌ ሆነው ገቡ። እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀመረ። ያ ሁሉ መዝገብ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም፤ ከጊዜ በኋላ እኔም መጠየቁን ተውኩ።

በዓመቱ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ጋሼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ገበያ መጥተው ነው። ያን ዕለት እንደዚያ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

በየዓመቱ በበጋ ገበሬው እርከን የሚሠራበት፣ በነፃ ጉልበቱን የሚያዋጣበት የተፋሰስ ሥራ አለ። የቀበሌው ስብሰባ ተጠርቶ ሊቀመንበሩ “ዘንድሮ ሥራው የላይኛው ጋራ ላይ ነው” ሲል ከታች የመጡ ሦስት ሰዎች ተነሥተው “እኛም የቀበሌው ነን፤ የእኛ ሥራ የገደሉ መውጫ መንገድ ይሁን” አሉ። ሊቀመንበሩ “ማን የቀበሌው አደረጋችሁ?” አላቸው። “ተመዝግበናል” አሉ። ጋሼ ይሄኔ ተነሡ።

“እኔ መርቻት መምህርት ናት የመዘገበቻቸው አልኩ” አሉኝ። “ጉምጉምታ ሆነ። ለሃያ ሦስት ቤት ብለን ወገባችንን እንስበር ወይ ያለም ነበር። አልፈርድበትም፤ የሱም እርሻ በጎርፍ እየታጠበ ነው።”

“ታዲያስ?”

“አንዲት ባለጉልት ተነሣች። ጤፉንም ሎሚውንም ከነሱ ነው የምገዛው፤ በጀርባቸው ሲያመጡት እያየሁ ዋጋ ልከራከር አፍራለሁ አለች። ሰው ሣቀ። ሲሥቅ ሐሳቡ ላላ። ግማሹን ቀን ለእርከኑ፣ ግማሹን ለመንገዱ ተባለ።”

ቅዳሜ ሄድኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ከታች የመዶሻና የድጅኖ ድምፅ ይሰማል። የላይኛውና የታችኛው ሰው ተደባልቋል። እንቢ ያለ ቋጥኝ ሲገጥማቸው እንጨት ከምረውበት ያነዱታል፤ ሲግል ውሃ ይደፉበታል፤ ተሰንጥቆ ሲጮኽ ሁሉም እልል ይላል። ውሃውን ከወንዝ በጀሪካን የሚያመላልሱት ሴቶቹ ናቸው። እኔም ሁለት ጊዜ ተሸክሜ ወጣሁ፤ በሦስተኛው አቃተኝና ድንጋይ ለቃሚ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ አልጸናም። ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ ግማሹን ወሰደው። ጋሼ በስልክ ሲነግሩኝ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። እሳቸው ግን ተረጋግተው “የውሃውን መውረጃ አላሰብንበትም ነበር” አሉኝ። “አሁን የት እንደሚወርድ አሳይቶናል።” በሚቀጥለው በጋ የውሃ መውረጃ እየሠሩ መልሰው ቆረጡት። በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ አንዲት ግራጫ አህያ ማሽላ ተጭና፣ ጆሮዋን እያወዛወዘች አፋፉ ላይ ብቅ አለች። መሰላሉን ለማገዶ ፈለጡት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በገበያ ቀን አይሱዙ መኪና እስከ ጠጠሩ መንገድ መጨረሻ ይመጣና ሎሚና ማሽላ ይጭናል። ባለፈው ክረምት በመንገድ እጦት የሞተ ሰው የለም። ግን ሁሉም እንዳሰብነው አልሆነም። አራት ቤተሰብ ጓዛቸውን በዚያው አህያ ጭነው ወጥተው ጠጠሩ መንገድ ዳር ሠፍረዋል፤ ትምህርት ቤቱም ጤና ኬላውም እዚያ ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል? ሁለት ወጣቶችም ከዚያ ከመንገዱ ዳር አልፈው ሄደዋል። ሰባቱን ስም የጻፍኩላቸውን እናት አንድ ቀን ሳገኛቸው “መንገድ ሲሠራ ሰው የሚመጣበት መስሎኝ” አሉኝ። “ሰው ቀድሞ ሄደበት።” ይህን ሲሉ ግን አልተማረሩም። የሳር ዋጋ እንደሚያወሩ ነው ያወሩት።

እሳቸውም ራሳቸው ወጡበት። ባለፈው ዓመት መካነ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ የዓይን ሞራ የሚያነሡ ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል፣ ጋሼ በቅሎ ለምነው ከገደሉ ሥር አወጧቸው። ማረፊያቸው እኔ ክፍል ሆነ። አልጋዬን ብሰጣቸው እንቢ ብለው መሬት ላይ ተኙ። በግራ ዓይናቸው ላይ ፋሻ ታስሮ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር፤ የቧንቧውን ውሃ እየከፈቱ እየዘጉ ድምፁን ይሰሙ ነበር።

በማግሥቱ ፋሻው ተፈታ። ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው መጀመሪያ ያዩት የባጃጁን ቀለም ነው። “ኧረ ይሄ ነገር ሰማያዊ ነው እንዴ!” አሉ። ባለባጃጁ ሣቀ።

ክፍሌ ስንገባ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ከዚያች የስም ወረቀት ጀርባ ሰው ጽፎላቸው ነበርና ጅዳ ደወልኩ። ለብዙ ጊዜ ጠራ። ልዘጋው ስል የአንዲት ሴት ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ከጀርባዋ ነጭ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ይታያል። ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ። እናትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው በጣም አስጠጉ፤ ከዚያ አራቁት። ልጅቱ “እማ” ብላ መናገር አቃታት።

“ከስተሻል” አሏት እናቷ።

“አልከሳሁም እማ። ካሜራው ነው።”

“ካሜራ ምንድነው የሚለው? ከስተሻል። ብቻሽን ነው የምትበይ?”

ሌላ ሰው ከጀርባዋ በዓረብኛ ጠራት። “እመለሳለሁ እማ፣ ማታ እደውላለሁ” ብላ ዘጋችው። እናትየው ስልኩን እንደያዙ ቆዩ። “እናቷን መሰለች” አሉ፤ ከዚያ የራሳቸው ንግግር ገባቸውና ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ፤ እየሣቅን ሁለታችንም አለቀስን። በዚያው ቀን ማምሻውን አቀስታ ደወልኩና ለእናቴ ወንድሜ ከደወለ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቅኋት። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ።

ሐኪሙ ሦስት ቀን እንዲቆዩ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን በሁለተኛው ቀን ማሽላው ወፍ እየበላው ነው ብለው ተነሡ። ብለምናቸው አልሰሙኝም። ጋሼ ከበቅሎዋ ጋር የጠጠሩ መንገድ መጨረሻ ላይ ይጠብቋቸዋል። ጠዋት ባጃጁ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ጠብታ መድኃኒቱን በጨርቅ ቋጥሬ እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው። ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉት ነገርኳቸው፤ ደገሙልኝ። ባጃጁ ሲነሣ በአዲሱ ዓይናቸው የመንገዱን ዳር ሱቆች አንድ በአንድ እያዩ ሄዱ። እኔ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነበረኝ፤ ደወል ሳይደወል ለመድረስ ሮጥኩ።